ሠዓሊው በመስተዋት ፊት

ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ሲነሣ ጠጉሩን አበጥሮ፥ የክት ልብሱን ለብሶ ይቀርባል። በለንደን ከተማ በኬንዉድ ቤት የሚገኘው የሬምብራንት ሥዕል ግን ከዚህ ልማድ የራቀ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1606 ተወልዶ በ1669 ያረፈ ሲሆን፥ ይህን የገዛ ራሱን መልክ በዘይት ቀለም የሣለው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። አስቀድሞ በ1656 ከዕዳ ብዛት የተነሣ ከስሮ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጦበት ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ ሥዕሉን አስተውላችሁ ተመልከቱ። ጉንጩ የላላ፥ ግንባሩ የተጨማደደ፥ ጠጉሩም የሸበተ ሽማግሌ ነው። ፊቱ በብዙ ጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ብሩሾቹን የያዘው እጅ ግን እጅ መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ በጥቂት ጭረት ታልፏል። ይህን ጉድለት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ለእኔ ግን ጉድለት አይደለም፤ እጁ ስለ ደበዘዘ ዓይናችን ሌላ ማረፊያ አጥቶ ወደ ፊቱ ይመለሳልና።

ስለ ትሕትናው ብቻ የሚያመሰግኑትም ግማሹን ብቻ አይተዋል። ከበስተኋላው ትርጉማቸው እስከ ዛሬ ሊቃውንትን የሚያከራክር ሁለት ታላላቅ ክቦች አሉ፤ እርሱም በፊታቸው እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እርጅናውን አልሸሸገም፤ ሙያውን ግን ለማንም ዝቅ አላደረገም።

ታዲያ መልኩን ሳያሳምር መሣሉ ሰውዬውን እውነተኛ ያሰኘዋልን? በ1649 የልጁ ሞግዚት የነበረችው ኼርትየ ዲርክስ የጋብቻ ቃል ሰጥቶኛል ብላ ከሰሰችው፤ በየዓመቱ 200 ጉልደን እንዲከፍላትም ተፈረደበት። በማግሥቱ ዓመት ግን በኻውዳ ከተማ በሴቶች ማረሚያ ቤት እንድትዘጋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። ከዚያ የወጣችው በ1655 ነው። ይህ ነገር በሥዕሉ ላይ አይታይም። መስተዋት የፊትን መጨማደድ ያሳያል እንጂ በሌላው ላይ የዋለውን በደል አያሳይምና።

ይህም ሥዕሉን አያረክሰውም፤ ልኩን ያሳየናል እንጂ። ከሬምብራንት መልክን ላለመሸፈን ድፍረትን እንማር። ነገር ግን ራሱን በእውነት ለመመርመር የሚሻ ሰው በመስተዋቱ ፊት ቆሞ ብቻ አይቅር፤ የበደለውን ሰው ሄዶ ይጠይቅ።