ከኮምባይነር ወደ ጀልባ

ናፍጣ ሞተር የትም ቢሄድ ያው ናፍጣ ሞተር ነው። ይህን የነገሩኝ ኢተያ ውስጥ በኮምባይነር ጥገና ያረጁ መካኒኮች ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፣ ግን እውነታቸውን ነው። አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ናፍጣ ይረጭበታል፣ ይፈነዳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ ከሞተሩ ዙሪያ ነው፤ ምን ያቀዘቅዘዋል፣ ምንስ ይበላዋል? አርሲ ላይ የሞተር ጠላቱ እብቅ ነው። እኔ አሁን በምሠራበት በጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ጨው ነው።

በመኸር ከአዳማ ወደ አሰላ የተጓዘ ሰው ኢተያን የሚያስታውሳት በኮምባይነሮቿ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ካዱ የሚባለው የስዊድን ትብብር ፕሮጀክት አሰላን ማዕከል አድርጎ ከተከፈተ ወዲህ፣ በዚያ አካባቢ ትራክተርና ማጨጃ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከማሽኑ ጋር መካኒኩም ተፈጠረ፣ እኛም ከነዚያ ሰዎች እጅ ነው የተማርነው። ከኅዳር ጀምሮ ስንዴው ተነስቶ እስኪያልቅ እንቅልፍ የለም። ራዲያተሩ በእብቅ ይታፈናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሾፌሩ ይጮሃል፣ ባለማሳው ከሾፌሩ በላይ ይጮሃል። ኮምፕሬሰር ይዘህ ትሮጥና ራዲያተሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ትነፋዋለህ። (ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፋ ረዳት እብቁን ይብስ ይወትፈዋል። ለስንቱ እንደተናገርኩ!)

የምኖርባት የእንጨት ጀልባም ሥራ የሚበዛባት በእነዚሁ ወራት ነው። ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁና ሰው የማይነካው ፍጡር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ እንግዶች እሱን ለማየት ከጅቡቲ ይሳፈራሉ። እነሱ ጥቂት ቀን አድረው ይወርዳሉ። ናኹዳው (የጀልባዋ አዛዥ)፣ ወጥ ቤቱ፣ ሁለት መርከበኞችና እኔ ግን ቤታችን እዚያው ነው።

የጀልባ ሞተር ነፋስ የሚነፍስበት ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው ሁለት ዓይነት ውሃ ነው። አንደኛው ንጹሕ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሁለተኛው የባሕር ውሃ ነው፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ባለ ባልቦላ ገብቶ፣ በማጣሪያ አልፎ፣ በቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እየሮጠ ንጹሑን ውሃ ሳይቀላቀለው ያቀዘቅዘውና ከጭሱ ጋር በኋላ በኩል ይተፋል። ይህን የባሕር ውሃ የምትገፋው፣ በፖምፓው ውስጥ ያለች መዳፍ የማትሞላ የጎማ ክንፍ ናት። ኢምፔለር ትባላለች። የጀልባዋ ሁሉ ዕድሜ በእሷ እጅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ማጣሪያው በባሕር ሣር ከተደፈነ ወይም ባልቦላው ሳይከፈት ሞተር ከተነሳ፣ ያለ ውሃ ትሽከረከርና በአፍታ ትቆራረጣለች። ስለዚህ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ጌጅ አይደለም፤ ወደ ኋላ ሄጄ ውሃው መውጣቱን ነው። ውሃ የሌለው ጭስ ድምፁም ይለያል፣ ይደርቃል።

ክንፏ ስትበጠስ ዋናው ሥራ መቀየሯ አይደለም። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ክዳኑን አራት ብሎን ፈትተህ፣ በፒንሳ ስበህ፣ አዲሷን በሳሙና አልስልሰህ ወደምትዞርበት አቅጣጫ አጥፈህ ታስገባለህ። ዋናው ሥራ የተበጠሱትን ቁርጥራጮች ማግኘት ነው። አሮጌዋን መሬት ላይ አስቀምጬ የጎደለውን እገጣጥማለሁ፤ አንዲት ቁራጭ ጎማ ካልተገኘች በአንዱ ቧንቧ አፍ ላይ ተወትፋለች ማለት ነው፤ ከወር በኋላ፣ ማዕበል ባለበት ቀን፣ ሞተሩ ያለ ምክንያት የጋለ ይመስላል። እዚህ ላይ የኮምባይነር መካኒክነቴ ጠቅሞኛል። የታፈነ ነገር የት እንደሚታፈን ማሰብ የለመድኩት ከእብቅ ጋር ስታገል ነው።

ያልለመድኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ዚንክ ነው። የጨው ውሃ ውስጥ ነሐስና ብረት አንድ ላይ ሲቀመጡ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ብረት ይበላል። ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላ ዚንክ ሞተሩ ላይና የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ይታሰራል። ሲያልቅ ትቀይረዋለህ። እንዲበላ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ኢተያ ውስጥ ለባለንብረት አስረዳለሁ ብል ሌባ ነው የሚለኝ። ሁለተኛው ዘንጉ ከጀልባዋ ሆድ ወደ ባሕር የሚወጣበት ቦታ ነው። በገመድ መሰል ማሸጊያ ይታሸጋል፣ ግን ጨርሶ መታሸግ የለበትም፤ ዘንጉ ሲዞር ውሃ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፣ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነውና። የደጋ መካኒክ እጅ ውሃ ሲያፈስ ያየውን ሁሉ ማጥበቅ ነው የሚያምረው። እዚህ ያጠበቀ ሰው ዘንጉን ያቃጥላል።

በሌላ በኩል ባሕሩ የሚሰጠው ነገርም አለ። አርሲ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ሲጫነው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ውሃውም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። እዚህ በባሕር ወለል ያው ሞተር ደረቱን ሞልቶ ይተነፍሳል። ኃይሉን ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በሙቀቱ ወራት ግን፣ ከምዕራብ ኻምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ ሲነሳ፣ የባሕሩ ውሃ ራሱ ስለሚሞቅ ያገኘነውን ያህል ይነጥቀናል።

ጀልባ ላይ መኖር ከሩቅ ለሚያየው ሽርሽር ይመስለዋል። በእኔ ዘንድ ግን ቤትህን ሌሊቱን ሙሉ ማዳመጥ ነው። የሆዷን ውሃ የምትቀዳው ፖምፓ ስንት ጊዜ እንደተነሳች በእንቅልፍ ልቤ አውቃለሁ፤ ከለመደችው በላይ ከተመላለሰች እነቃለሁ። ንጹሕ ውሃ በበርሜል ስለሚመጣ ፊት የሚታጠበው በኩባያ ነው። ከታች አየር ስለሌለ ሁላችንም የምንተኛው ከላይ፣ በፍራሽ ላይ ነው። ናኹዳው ለብቻቸው ከመሪው አጠገብ ይተኛሉ። የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ከጋላፊ በሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ ስለሆነ ስድቡን አሳምረው ያውቁታል። ታጁራ ፊት ለፊት መልሕቅ ስንጥል ለምን ከዳርቻው ይህን ያህል እንደምንጠጋ አንድ ማታ ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ትንሽ ራቅ ብንል ለማዕበል አይሻልም?»

«ልጄ፣ ራቅ ካልክ ገመድህ መሬት አያገኝም» አሉኝ። ባሕረ ሰላጤው መሬት ተሰንጥቃ የፈጠረችው ስለሆነ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ገደል ነው።

ታጁራን ማየት ያለብህ ከዚያ ነው፣ ከመልሕቁ ቦታ። በመኪና የመጣ ሰው ከተማዋን ከጓሮዋ ነው የሚገባባት። ከውሃው ላይ ግን ነጫጭ ግድግዳዎቿ፣ በብዛታቸው የምትታወቅባቸው መስጊዶቿ፣ ከኋላዋም የጎዳ ተራሮች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። መካኒክ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ አሮጌ ከተማ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ሠራት ሳይሆን ለምን እዚህ ሠራት ነው። መልሱ ከጀልባዋ ላይ ይታያል። ተራሮቹ የሰሜኑን ነፋስ ይከልላሉ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚጠጣ ውሃ አለ፣ ከተማዋ ጀርባም ወደ አሳል ሐይቅና ወደ አፋር ሜዳ የሚወጣ መንገድ አለ። ከሦስቱ ዋናው መንገዱ ነው። ታጁራን የባሕር ከተማ የሚሏት ሰዎች በእኔ አስተያየት ግማሹን ብቻ አይተዋል፤ የሸዋ ደጋ ጫፏ፣ የመጨረሻ ገበያዋ ነበረች።

ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ካለው ከአሳል የሚወጣው ጨው በግመል ወደ ላይ ሲሄድ፣ ከላይ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርድ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተነሳው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠብመንጃ ይዞ መጥቶ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ሸሪኮቹ በመሐል ሞቱ፣ እሱም በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ፤ ንግዱ ግን ከሸፈበት። የውጭ አገር ሰው ታጁራ ሲመጣ የሚጠይቀው ስለ ራምቦ ነው፤ ቤቱ የት ነበር ይላል። እኔ የማስበው ስለ ጠብመንጃዎቹ ነው። በኦቦክ ወደብና በታጁራ በኩል የገባ መሣሪያ በእነዚያ ዓመታት የት የት እንደዋለ ለአርሲ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የምኒልክ ዘመቻ አርሲ ላይ ያበቃው በ1886 ነበር።

በዚያው መንገድ ሰውም ይወርድ ነበር፣ ለሽያጭ። መስከረም 1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ከታጁራ በስተሰሜን ካለው ከራሄይታ ዳርቻ ተነስተው ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ ጀልባዎችን አስቁማ 204 ሰዎች አገኘች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ወሰዷቸው፤ ከመካከላቸው 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ከየት እንደተወሰዱ፣ በስንት እጅ እንደተሸጡ የተናገሩት ቃል እዚያ ተጽፎ ቆይቷል። ከሴቶቹ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የልጇ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን አሥር ዓመት ሮቢን ደሴት ታስሯል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ወርጄ ስሠራ አንድ ነገር ይታየኛል፤ በዚያ ሙቀትና ጨለማ ውስጥ፣ ባሕር ምን እንደሆነ ያልሰሙ የደጋ ልጆች ሞገዱ ከግድግዳው በስተጀርባ ሲመታ ምን መስሏቸው ይሆን?

ታጁራን የጣላት ሃይማኖትም ጦርነትም አይደለም፣ ባቡር ነው። ፈረንሳዮች ማዶ፣ ጅቡቲን ቆርቁረው በ1897 እ.ኤ.አ. ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምሩ ግመሎቹ ወደዚያ ዞሩ፤ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ አለቀ። ዛሬ ዕቃ ለመግዛት ጅቡቲ ስሻገር ወደብ ላይ ወደ አገራችን የሚገባ ስንዴ የሚያራግፍ መርከብ አያለሁ። ኢተያ ተወልዶ ያንን ማየት ያስቃል፣ ያሳፍራልም። ታጁራ በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ ወደብ ተሠርቶላት ከባድ መኪናዎች እንደገና ወደ አፋር በኩል መውጣት ጀምረዋል፤ ናኹዳው ግን በወደቡ አይደሰቱም፣ መብራቱ ዓሣውን አሸሸብኝ ይላሉ።

በአሮጌው መንገድ የሚወርድ ሰው ግን ዛሬም አልቆመም። ለጥገና ዳርቻ ስንወጣ በቡድን ሆነው በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ወጣቶች አገኛለሁ። ከአሳል በኩል መጥተው ነው፤ ከኦቦክ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። ጫማቸው ተበልቷል፣ የያዙት አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ኦሮምኛቸውን ስሰማ ከየት እንደሆኑ ከመጠየቄ በፊት አውቃለሁ፤ አንዱ ከዲክሲስ፣ ሌላው ከሮቤ፣ አንዱ ደግሞ ከራሴው ወረዳ ከሂጦሳ። ውሃ እንሰጣቸዋለን። ተመለሱ ብል የሚሰማኝ የለም፣ እኔም እዚህ ተቀምጬ ተመለሱ የማለት ፊት የለኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ጀልባው ስንት ሞተር እንዳለው እዩ፤ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ከቆመ ማዕበሉ በጎን ያዞራችኋል። ከጠርዙ እስከ ውሃው ያለውን እዩ፤ ሰው ሞልቶ ጠርዙ ውሃ ከነካ አትሳፈሩ። ውሃ ሲገባ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይሩጥ። ሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በሁለት ሳምንት ልዩነት ብቻ፣ ኢትዮጵያውያን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ከኦቦክ በላይ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠዋል። ልጆቹ ያደምጡኛል፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግን ጀልባውን የሚመርጠው ደላላው እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ እኔም እነሱም እናውቃለን።

ከኢተያ ሥራ ፈልገው የሚደውሉልኝም አሉ፣ አብዛኞቹ የኮምባይነር ረዳቶች። መጀመሪያ የሚጠይቁት ደመወዙን ነው፣ ልክ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ እኔም እጠይቃለሁ። ፓስፖርት አለህ? ቀና ማለት በማይቻልበት ክፍል ውስጥ፣ ናፍጣ እየሸተተህ፣ ወለሉ እየተወዛወዘ፣ ሳታስመልስ ጓርኒሲዮን ትቀይራለህ? ሌሊት ስትጠራ ትነሳለህ? ለሁሉም አዎ ይሉኛል፤ አዎ ማለት ደግሞ አይከፈልበትም። በቀደም የደወለው ልጅ ሞተር አዋቂ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ የፖምፓ ድምፅ በስልክ አሰምቼው ኩሽኔታው አልቋል ብሎ በትክክል ነገረኝ። ዋና ትችላለህ ወይ ስለው ግን ዝም አለ። ሶደሬ ከኢተያ ሩቅ አይደለም፣ ክረምቱን እዚያ ገንዳ ውስጥ ተማርና ከመስከረም በኋላ ደውልልኝ አልኩት።