«ባለቤት» የሚለው ቃልና የጎጆ መውጣት ሥርዐት፤ በደብረ ታቦር ደጋ ስለ ቤትና ስለ ጋብቻ የሚነገረው ሲመረመር

በዐማርኛ ባልም ሚስትም «ባለቤት» ይባላሉ። ሲጋቡ «ጎጆ ወጡ» ይባልላቸዋል፤ ሲለያዩም ትዳራቸው እንደ ግድግዳ «ፈረሰ» ይባላል። ከዚህ አነጋገር በመነሣት በደብረ ታቦርም በሌሎች ከተሞችም ዘወትር የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም ቤት የሌለው ወንድ ሚስት ለማግባት አይበቃም፣ ይህም የአባቶች ወግ ነው የሚል ነው። ቤትና ጋብቻ አይነጣጠሉም መባሉ እውነት ነው። ቤቱ ከጋብቻ በፊት በወንዱ እጅ መገኘት አለበት፣ ወጉም ጥንታዊ ነው መባሉ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ምርመራው ከርስት መጀመር ይገባዋል። አለን ሆበን በጎጃም፣ በዳሞት አገር ያደረገውን ጥናት እ. ኤ. አ. በ1973 ዓ. ም. በመጽሐፍ ሲያወጣ ርስት በእጅ ከተያዘ ንብረት ይልቅ ከአቅኚው አባት በትውልድ የሚቈጠር የመብት ጥያቄ መሆኑን አስረድቷል። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ባልና ሚስት ቢጋቡም የአንዱ ርስት ለሌላው አይተላለፍም። ይህ ትንታኔ ከዐባይ ማዶ ላለው ለበጌምድር ደጋም ብዙ ይጠቅማል። ሆኖም የመጽሐፉ ዐይን ዘወትር ያረፈው ርስት በሚያሳድደው ወንድ ላይ ነው። ሚስት የምትታየው ባል የሚያርሰውን መሬት ስታበዛለት ነው፤ ቤቱም የባለ ጉዳዩ ማደሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዶናልድ ሌቪንም እ. ኤ. አ. በ1965 ዓ. ም. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የመንዝን ኑሮ ሲገልጽ የአባትን ሥልጣን አጕልቶ አሳይቷል። ሁለቱን ብቻ ያነበበ ሰው «ባለቤት» የሚለው ስም ለሚስትም የተሰጠበትን ምክንያት ሊያገኘው አይችልም።

ዶናልድ ክራሚ የጐንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን መርምሮ እ. ኤ. አ. በ1981 እና በ2000 ዓ. ም. ያወጣቸው ጽሑፎች ይህን ጕድለት በከፊል ይሞላሉ። በሰነዶቹ ሴቶች በስማቸው መሬት ሲይዙና ሲያወርሱ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ሰነዶቹ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ መኳንንትና ስለ አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ የጉና ተራራን ግርጌ ስለሚያርሰው ገበሬ ጎጆ የሚሉት ጥቂት ነው።

የገበሬው ጎጆ ራሱ ግን ምስክር ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ያቆመዋል፤ ሣሩ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ባለቤቱ ሌላ ሥፍራ ቢሄድ ጎጆው ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው አነስተኛ ስለ ነበረ የጋብቻ ቅድመ ግዴታ ሊሆን አይችልም። ወላጆች ሲጫጩ የሚጠይቁት ስለ ዘር፣ ስለ ርስትና ስለ ከብት ነው፤ ጎጆው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሙሽራው አባት ግቢ ይቀለሳል። ስለዚህ «ጎጆ መውጣት» ቤት የማግኘት ማስረጃ ሳይሆን ከወላጆች ምድጃ ተለይቶ የራስን እሳት ማንደድ ነበር።

የጋብቻው ዐይነትም ይህንኑ ያጸናል። በሰማንያ የተጋቡ ሁለቱም ወገኖች ያመጡት ይታወቃል፤ ሲፋቱ እያንዳንዱ የራሱን ይወስዳል፣ አብረው ያፈሩትንም ይካፈላሉ። በደሞዝ የገባች ሴት ግን በዚያው ጣራ ሥር ብትኖር፣ ያንኑ ምድጃ ብታነድ፣ ስትወጣ የምትጠይቀው ደሞዟን ነው። ባለቤትነትን የሚሰጠው እንግዲህ ጣራው አልነበረም፤ ውሉ ነበር።

ታዲያ ቤት ከጋብቻ የቀደመው መቼ ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ የበላይ አድርጎ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ሰጠው፤ በዚህም ከቤቱ ሁለት ባለቤቶች አንዱ በሕግ ከፍ አለ። በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የሐምሌው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም፤ ለመሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከልክሎ በመሬቱ ላይ የተሠራውን ለሠሪው ተወለት። በዚህ ጊዜ ታላቅ ለውጥ ሆነ፤ ርስት ሲቀር ሰው «የኔ» ብሎ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም የሚችለው የማይንቀሳቀስ ሀብት ቤቱ ብቻ ሆነ። ርስት የተሸከመው ክብር ሁሉ ወደ ግድግዳና ወደ ቆርቆሮ ተዛወረ።

እጥረትም ተጨመረበት። በዐማራ ክልል በ1989 ዓ. ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው የደጋ ወጣት የወላጆቹን ማሳ ከመጠበቅ ወይም ወደ ከተማ ከመውረድ በቀር ሰፊ ምርጫ አልነበረውም። በከተማም ቦታ በሊዝ ይያዛል። ጎጆ በደቦ ይቆም የነበረውን ያህል ቆርቆሮ ቤት በደቦ አይቆምም፤ ገንዘብ ይፈልጋል። «ቤት ከሌለህ አታግባ» የሚለው ትእዛዝ የተወለደው ከዚህ ነው። ትእዛዙን የአባቶች ወግ ማለት የቅርብ ጊዜን ችግር በጥንት ስም መሸፈን ነው።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ቤቱ በቅድሚያ የወንዱ ነው ከተባለ ሚስት እንግዳ ትሆናለች፤ ትዳሩ በፈረሰ ቀን የምትወጣውም እርሷ ናት። የ1995ቱ የክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ ያደረገው የመሬት ሥርዐት ብዙዎች እንደሚያስቡት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ብቻ አይደለም፤ በእኩል አካፋይነቱ ከሰማንያ ውል ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን መሰወር የለበትም፤ ሰማንያ የየወገኑን ርስት ለየወገኑ ትቶ ነበር፣ ደብተሩ ግን መሬቱን ራሱን የጋራ አደረገ። አሁን ቤቱም ማሳውም የጋብቻው ነው፤ ወንድምና እኅት ከወላጆቻቸው የሚጠብቁት ግን አልቀረም። ስለ ደብረ ታቦር ደጋ የሚጻፈው ቀጣዩ ጥናት «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ ባልን ብቻ ቢጠይቅ የሆበንን ጕድለት ይደግማል፤ ሚስትን፣ ወንድሟንና እኅቱንም ሊጠይቅ ይገባዋል።