ዝንቧን ከመክሰስ በፊት

ጠላ ሲበላሽ መጀመሪያ የምትወቀሰው ዝንብ ናት። እንግሊዞችም ያማረ ነገር በትንሽ እንከን ሲበላሽ ቅባት ውስጥ ስለገባች ዝንብ ያነሳሉ፤ ነገሩ ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 10 የመጣ ነውና ለእኛም እንግዳ አይደለም። አቀስታ ላይ ስጠምቅ የኖርኩ ነኝና ለዝንቧ ትንሽ ጥብቅና ልቁምላት።

አገራችን ደጋ ነው፣ የገብስ አገር። ጌሾው ዝቅ ካለው ይመጣልናል። ቆላ ላይ ቶሎ የሚፈላ ጥንስስ እዚህ በብርዱ ይለግማል። ቸኩሎ በየሰዓቱ ክዳን እየገለጠ የሚያይ ጠማቂ ጣጣውን የሚጠራው ያኔ ነው።

የሥራው ትልቁ ክፍል ግን ከጥንስሱም በፊት ነው፤ ጋን ማጠብና ማጠን። ሸክላ ቀዳዳው አያልቅም፣ ያለፈውን ጠላ በሆዱ ይይዛል። መልካም እርሾ ከያዘ ይጠቅማል፤ አንዴ ሆምጣጤ የሆነ ጠላ የነበረበት ከሆነ ግን ቢፈተግም አላምነውም፣ የእህል ማስቀመጫ አደርገዋለሁ። የወይራ ጭስ ለሽታ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ጋኑን ያደርቀዋል፣ የተደበቀውንም ተሕዋስ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ምርጊቱ። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው ድፍድፍ ሆኖ ውሃ ከተሞላ በኋላ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። እርሾ ያለ አየር ይሠራል፤ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ ግን ያለ አየር አይሆንለትም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆምጣጤን የሚሠራው ሕያው ተሕዋስ መሆኑን አሳየ። ጭቃው መልሱን ሳይጠብቅ ይመረግ ነበር።

ትንሿ ዝንብ የምትመጣው የመኮምጠጥ ሽታ ጠርቷት ነው። በእግሯ ባክቴሪያውን ከጋን ጋን ታዛምታለች፣ ንጹሕ ናት አልልም። ነገር ግን ጋኑ አፍ ላይ ስታንዣብብ ካየሁ ጠላውን ከመቅመሴ በፊት ጭቃው የተሰነጠቀበትን እፈልጋለሁ። ቅራሪ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል፤ አልኮሉ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይኮመጥጣል።

አሁን አሁን ጋኑን የፕላስቲክ በርሜል እየተካው ነው። አይሰበርም፣ ለማጠብ ይቀላል፤ ግን አይታጠንም። መፍላቱ ሳያበቃ ክዳኑን ካጠበቁት በጋዙ ይነፋል፣ ካላሉት አየር ያስገባል። ለቤት ጠላ በርሜል አልይዝም። ለድግስ ሲሆን ግን በአንድ ቀን ተጠጥቶ ስለሚያልቅ ግድ የለኝም።