ቡዳው ለምን አይናገርም?



በዋግ ኽምራ ደጋ ሌሊቱ ብርዳም ነው። በጋዝጊብላም ሆነ በሰቆጣ፣ በአማርኛም ሆነ በኽምጣጋ፣ ተረት የሚደምቀው እሳት ዳር ነው። በሰሜኑ አገራችን ልጆች ከሚሰሟቸው ተረቶች አንዱን እስቲ እንመርምር።

ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ጅቡ ሲገደል ጆሮው ላይ ጉትቻ ይገኛል፤ ጉትቻውም የባለ እጁ ሆኖ ያርፋል። አነጋገሩ ያምራል፤ አንዲት ጌጥ ቀኑንና ሌሊቱን ታገናኛለች። ጉድለቱ ግን ቡዳ የተባለው ሰው አንድም ቃል አለመናገሩ ነው። ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ልጁን ማን ያገባለታል? ተረቱ ደንታ የለውም።

እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ በ1818 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ፍራንከንስታይን» እናስተያይ። መፍጠር የአላህ ብቻ ነው፤ የልብ ወለዱ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሠሪው ጥሎት የሸሸው አስፈሪ ፍጡር በአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎረቤት ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፤ ሌሊት እንጨት ያቀርብላቸዋል። መልኩን የማያይ ዐይነ ስውር አባት በደግነት ያነጋግረዋል። ዐይናማው ልጅ ግን ደብድቦ ያባርረዋል። ይህን ሁሉ የምንሰማው ከፍጡሩ ከራሱ አፍ ነው። ነፍስ ማጥፋቱ የመጣው ከተገፋ በኋላ ነው።

የእኛ ተረት ነገሩን ገልብጦታል፤ «ቡዳ ስለሆነ ራቅነው» ይለናል። ባለ እጅ ግን በብዙ ቦታ ርስት ተነፍጎ ከመንደር ዳር ኖሯል፤ ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ ከእጁ ወጥቶ ሳለ!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው ዐይን እውነት መሆኑን አስተምረውናል፤ መጠበቂያውም ወደ አላህ መጠጋት ነው። ለአንድ ሙያ ወይም ለአንድ ዘር ግን አልሰጡትም። አላህ ብረትን ያለሰለሰላቸው ዳውድ (ዐ.ሰ.) ነቢይ አልነበሩምን? (ሰበእ 10) በክፉ ስም መጠራራትና መጥፎ ጥርጣሬስ አልተከለከሉምን? (አል-ሑጁራት 11-12) ቁርኣን የማናያቸውን የጂኖችን ንግግር እንኳ በሱረቱል ጂን ያሰማናል። እኛ ግን የምናየውን ጎረቤት አፉን ዘጋነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ይህን ተረት ሰምተው ሲመጡ «እሱስ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ነገም ይዛችኋቸው ወደ ባለ እጁ ቤት ሂዱ፤ ቡናውንም ጠጡ። አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን። አሚን።