ኤሌክትሮድ ከተተከለ በኋላ በአንጎል የሚታየው ለውጥና አተረጓጎሙ

በፓርኪንሰን በሽታ ምክንያት በአንጎላቸው ጥልቅ ክፍል ኤሌክትሮድ ከተተከለላቸው ሕሙማን የሚወሰደው የኤሌክትሪክ ልኬት ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ያህል ብዙ አስጽፏል። ከ13 እስከ 30 ሄርትዝ የሚደርሰውና ቤታ የሚባለው ሞገድ መድኃኒት ባልወሰደ ሕመምተኛ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ውስጥ በርትቶ ይገኛል፤ በሴኮንድ 130 ጊዜ ያህል የሚመታ ማነቃቂያ ሲለቀቅበት ግን ይቀንሳል። ከዚህ በመነሣት ቀዶ ሕክምናው የአንጎልን አሠራር «አስተካከለ» ማለት ተለምዷል። አነጋገሩ ግን ከልኬቱ አልፎ ይሄዳል።

ዋናው ችግር ልኬቱ የተወሰደበት ጊዜ ነው። ከቀደምቱ ጥናቶች ብዙዎቹ የተካሄዱት ኤሌክትሮዱ ከገባ በኋላ፣ ባትሪው ከቆዳ ሥር እስኪቀበር ባሉት ጥቂት ቀናት፣ የሽቦው ጫፍ ውጭ እያለ ነው። በእነዚህ ቀናት ሽቦው ያለፈበት ኅብረ ሕዋስ ቆስሏል፣ አብጧል። ምንም ኤሌክትሪክ ሳይለቀቅ የሕመምተኛው ግትር ክንድ ሲላላ፣ መንቀጥቀጡም ሲበርድ ይታያል፤ ይህ መሻል ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይጠፋል። የቤታ ሞገዱም በዚያው ሰሞን ዝቅ ብሎ ቆይቶ መልሶ ከፍ ሊል ይችላል። እንግዲህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታየው ለውጥ ሁሉ የማነቃቂያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ መለኪያ እንከን ቆጥረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ይሁንና ከሁሉ የበለጠ አስተማሪው እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቤናቢድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ግሬኖብል ላይ ማነቃቂያውን ከመጀመራቸው በፊት ቀዶ ሐኪሞች መንቀጥቀጥን ያክሙ የነበረው የአንጎልን ጥልቅ ክፍል ሆን ብለው በማቁሰል ነበርና።

ሞገዱን ራሳቸው የሚመዘግቡ ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በመዋላቸው ለወራትና ለዓመታት መለካት ተችሏል። በ2025 ደግሞ ሞገዱን እየተከተለ ኃይሉን የሚያስተካክል ማነቃቂያ በአሜሪካ ተፈቅዷል። የጊዜው ችግር በዚህ ተቃሏል። ቤታ የሚነግረው ግን ይበልጡን ስለ ጡንቻ ግትርነትና ስለ እንቅስቃሴ መዘግየት ነው፤ ስለ መንቀጥቀጥ እምብዛም አይናገርም።

ይህን ሞገድ ዝቅ የሚያደርገው ሽቦው ብቻ አለመሆኑ በየጽሑፉ ቢጠቀስም ተገቢው ክብደት አልተሰጠውም። ሌቮዶፓም ዝቅ ያደርገዋል። በሰሜን ወሎ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ጉዳዩ የሚቀርበው በዚህ በኩል ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚመረጠው፣ በመድኃኒት ካልተገታ መንቀጥቀጥ በስተቀር፣ ለሌቮዶፓ ጥሩ ምላሽ የሰጠ ሕመምተኛ ነው። በበቂ መጠን ተሰጥቶት የማያውቅ የሀብሩ ገበሬ ለኤሌክትሮዱ ይበቃል ወይም አይበቃም ለማለት መነሻ የለም። ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚላከው ወረቀት የክኒኑን መጠን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የታየውን ምላሽ ካልያዘ፣ የትኛውም የረቀቀ ልኬት ያንን ክፍተት አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውና በቡታጅራ ገጠር ከ60,000 በላይ ሰዎችን የሸፈነው የረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቹ ጥናት ከ100,000 ሰው 7 የፓርኪንሰን ሕሙማን አግኝቷል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ወጣት በሚበዛበት ሕዝብ ዘንድ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም እግሩን እየጎተተ የሚራመድ አዛውንት «እርጅና ነው» ተብሎ በየቤቱ እንደሚቀርም አይዘነጋም። ለማቅለሽለሽ የታዘዘ ፕላዚል ወይም ሃሎፔሪዶል ሕመሙን ማባባሱ፣ አልፎም እርሱኑ የሚመስል ሕመም ማምጣቱ ከዚሁ ጋር ይታሰባል።

የኤሌክትሮዱ ጽሑፎች ስለ አቅርቦት ምንም አይሉም፤ ባትሪ በሰዓቱ እንደሚለወጥ፣ መድኃኒት እንደማይቋረጥ አስቀድመው ወስደዋል። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ግትርነትና የአእምሮ መደንገዝ ሊከተል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ባትሪው ድንገት ያለቀበት ሕመምተኛም ከዚሁ አደጋ አያመልጥም፤ ልዩነቱ ክኒኑ ወደ መርሳ በመኪና ሊጫን ሲችል፣ ባትሪውን ለመለወጥ ግን ሕመምተኛው ራሱ ሙያው ወዳለበት ማዕከል መጓዝ የሚኖርበት መሆኑ ነው።