ከርዳታው በኋላ፦ ስለ አሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ደንብ

ስለ ምርምር ርዳታ በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ማመልከቻው ነው። ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ያለው ክፍል፣ ማለትም ሒሳብ አያያዙና ሪፖርቱ፣ የጸሐፊዎች ጉዳይ ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ሰጪው መንግሥት ስለ ዕውቀት ያለውን አሳብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከማመልከቻው ይልቅ ይህንኑ ክፍል ቢመረምር ይሻለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአሜሪካን ደንብ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደንቡ በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ውስጥ አርእስት 2፣ ክፍል 200 ተብሎ የሚጠራው ነው። የአስተዳደርና የበጀት መሥሪያ ቤት በ2013 መጨረሻ አወጣው፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ለዩኒቨርሲቲ አንድ፣ ለግዛት መንግሥታት ሌላ፣ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ደግሞ ሌላ እየሆኑ ተበታትነው የነበሩትን ስምንት መመሪያዎች ወደ አንድ አመጣቸው። ይህ ብቻውን ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። በ2024 የተደረገው ማሻሻያም ቋንቋውን ቀለል አድርጎታል።

ገንዘብን በሚመለከት ደንቡ ዓይኑ የተሳለ ነው። ወጪው ሁሉ አስፈላጊ፣ ልከኛና በሰነድ የተደገፈ መሆን አለበት። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከሦስት ወር በላይ ከሥራው ቢለይ፣ ወይም ለሥራው የመደበውን ጊዜ በ25 ከመቶ ቢቀንስ፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የመጨረሻው ሪፖርት ሥራው ካበቃ በ120 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ሰነዱም ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ይጠበቃል። በዓመት ከ1,000,000 ዶላር ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ ያወጣ ድርጅት በውጭ ኦዲተር መመርመር ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ወሰን እስከ 2024 ማሻሻያ ድረስ 750,000 ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ የምናነሣው ነቀፌታ የለንም። የሕዝብ ገንዘብ ነውና እንዲህ መጠበቁ ተገቢ ነው።

የሥራውን ሪፖርት የሚመለከተው አንቀጽ ግን አጭር ነው። የተገኘው ውጤት ከታቀደው ጋር ይነጻጸር፤ ያልተሳካ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይገለጽ፤ ወጪ ከታሰበው በላይ የሆነ እንደ ሆነ ይብራራ ይላል። አነጋገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ስለ ራሱ ሥራ ራሱ ይመሰክራል፤ ዩኒቨርሲቲው ይፈርማል፤ በዋና ከተማ ያለው ሹም ያነባል። ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ትኬት ደረሰኝ የሚጠይቀው መንግሥት ለተጻፈው ውጤት ደረሰኝ አይጠይቅም።

ይህ በቃል ብቻ የሚነሣ ክርክር አይደለም። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2019 ለአሜሪካ መንግሥት 112.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የፍትሕ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ክሱ ከ2006 እስከ 2018 ድረስ በ30 ርዳታዎች ረገድ የተፈጠረ ወይም የተለወጠ የምርምር ቁጥር በማመልከቻና በሥራ ሪፖርት ውስጥ ቀርቧል የሚል ነበር። ቁጥሮቹ በአንድ የሳንባ ምርምር ክፍል በአይጦች ላይ የተደረጉ ናቸው። አሁን አንባቢው ልብ ይበል፤ ነገሩ እንዴት ተገለጠ? ከሪፖርቶቹ አንዱን ያነበበ ሹም ተጠራጥሮ አይደለም። በክፍሉ የነበረች አንዲት ቴክኒሺያን በ2013 የዩኒቨርሲቲውን ገንዘብ ወስዳለች ተብላ ስትባረር ነው፣ የሠራቻቸው ልኬቶች መመርመር የጀመሩት። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ያደረሰውም የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ሠራተኛ እንጂ የመንግሥት ተቆጣጣሪ አልነበረም። ገንዘቡን የሚጠብቀው አጥር ጥቂቱን ስርቆት ያዘ፤ ትልቁ ስርቆት ግን በሥራ ሪፖርት በር ለዓመታት ሲገባና ሲወጣ ኖረ። ኦዲተሩንም አንወቅሰውም። የአይጦቹ ሳንባ እንዴት እንደ ተለካ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አልተላከም።

ምርምር እንደ መጋዘን ዕቃ አይቆጠርም፣ ተመራማሪውም በወረቀት ብዛት ተጨንቋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጭንቀቱ እውነት ነው። በ2012 በአሜሪካ መምህራን ላይ የተደረገ ሰፊ ጥያቄ፣ ለፌዴራል ምርምር ከሚሰጡት ጊዜ 42 ከመቶው ለምርምሩ ሳይሆን ለአስተዳደር ግዴታ እንደሚውል አሳይቷል። ስለዚህ በዚያ ላይ ሌላ ቅጽ ይጨመር የሚል አሳብ የለንም። ኦዲተሩ ደረሰኝን ሁሉ አያይም፤ ጥቂቱን መርጦ ያያል። ከሪፖርቶች ጥቂቶቹ እንዲሁ ተመርጠው፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ከላቦራቶሪው መዝገብ ጋር ቢመሳከሩስ ምን ይከለክላል?

የሚያስደንቀው፣ መንግሥቱ ይህን መንገድ አላጣውም፤ ለባዕድ ብቻ አደረገው እንጂ። ኢኮሄልዝ አሊያንስ የተባለ ድርጅት በሴፕቴምበር 2019 ማቅረብ የነበረበትን የሥራ ሪፖርት ያቀረበው በኦገስት 2021 ነው። የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ በጃንዋሪ 2023 ባወጣው ጽሑፍ፣ ገንዘብ ሰጪው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ራሱ በጊዜው እንዳልተከታተለ ገልጿል። እዚያው ጽሑፍ ላይ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ዶላር፣ 89,171 ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለት ዓመት የዘገየ የሥራ ሪፖርት ግን ያን ያህል ጊዜ ጠያቂ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ተቋሙ በ2023 ባወጣው ደንብ፣ በአሜሪካ ድርጅት በኩል ገንዘብ የሚደርሳቸው የውጭ አገር ንዑስ ተቀባዮች የላቦራቶሪ መዝገባቸውንና የሪፖርታቸውን ማስረጃ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያሳዩ አዘዘ። በሜይ 2025 ደግሞ አዲስ አሠራር እስኪዘጋጅ ድረስ የውጭ ንዑስ ተቀባይ ያለበትን አዲስ ርዳታ እንደማይሰጥ አስታወቀ።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም አካሂዷል፤ የእኛ መምህራንም በአሜሪካ ፕሮጀክቶች ውስጥ ይሠራሉ። መዝገብ ማሳየት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ሊለመድ የሚገባው ነው። ነገር ግን የዱክ አይጦች የተለኩት በሰሜን ካሮላይና ነበር። የአዲስ አበባው ተመራማሪ መዝገቡን ገልጦ ሲያሳይ የሰሜን ካሮላይናው የሚፈርመው ብቻ ከሆነ፣ ደንቡ የሚጠብቀው እውነቱን ሳይሆን ድንበሩን ነው።