ሳያንኳኩ መግባት

«የማዳምን ሐሳብ ለአንድ ቀን ብቻ እንደፈለግኩ ባዘው!» ብላ ተመኝታ የማታውቅ የቤት ሠራተኛ ካለች ትገርመኛለች። አሜሪካዊቷ ደራሲ ክሪስቲን ካሾር በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ፋየር» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ይህ ችሎታ አብሯት ስለተወለደ ልጅ ይተርካል። ስሟም ፋየር ነው፤ እሳት ማለት ነው። መጽሐፉ ለወጣቶች የተጻፈ ቢሆንም ሰው ቤት ለምንኖር ሰዎች ብዙ የሚለን ነገር አለ።

ታሪኩ ዴልስ በሚባል ምናባዊ አገር ነው። እዚያ «ጭራቅ» የሚባሉ፣ ቀለማቸው ያየውን ሁሉ የሚያፈዝ እንስሳት አሉ። ፋየር ሰው መሳይ ጭራቅ ናት። መልኳ ያፈዛል፤ ሰው አእምሮ ውስጥ ገብታም ሐሳቡን ትቀይራለች። አባቷ ካንስረል ይህንኑ ችሎታ ይዞ ንጉሡን መጫወቻ አደረገው፣ አገሩንም አፈረሰው። ልጁን ግን ይወዳል። ደራሲዋ ጎበዝ የሆነችው እዚህ ላይ ነው፤ ክፉ ሰው ለአንዱ ደግ ሊሆን እንደሚችል አልደበቀችም። «እንደ ልጄ ነሽ» እየተባለች ፓስፖርቷ የተቆለፈባት እህት ይህን ማንም ሳያስረዳት ይገባታል።

ልጅቷ ከምንም በላይ የምትፈራው አባቷን መምሰል ነው። ለዚህም ነው የጦር አዛዡ ልዑል ብሪጋን ከሌላው ሰው የሚለይባት። አእምሮው ለሷ ዝግ ነው፤ በመጀመሪያ ይጠላታል፣ ልታዘውም አትችልም። ቀስ በቀስ የሚመጣው ፍቅር ደስ የሚለው ለዚህ ነው። ሰውየው ራሱ ፈቅዶ ነው የሚቀርባት።

ሌላው የወደድኩት የንጉሥ ናሽ ነገር ነው። መልኳ ያሳብደዋል፣ ይተናኮላታል። ጸጉሯን የምትሸፍነው፣ በጠባቂ ተከባ የምትሄደው ግን እሷ ናት። «አንቺ ነሽ ያሳሳትሽው» የሚለውን ክስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደራሲዋ ግን እዚያ አላቆመችም። ንጉሡ አእምሮውን መጠበቅ ይማራል፤ ራሱን የመግዛቱ ሥራ የራሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቤተ መንግሥቱ እስረኞችን በችሎታዋ እንድትመረምር ይጠይቃታል። መጀመሪያ እንቢ ትላለች፣ ኋላ ትስማማለች። ጭንቀቷን ገጽ በገጽ እናነባለን። ሳይንኳኳ የተገባበት እስረኛ ግን ከተመረመረ በኋላ ምን ተሰማው? ይህን ልቦለዱ ብዙም አይጠይቅም። ፋየር ደግ ስለሆነች እንድናምናት ይፈልጋል፤ እስረኛውን የሚጠብቀው የሷ ሕሊና ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ በሰው ሕሊና ብቻ መጠበቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳችን ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው። ጥሩ ማዳም የገጠማት «ዕድለኛ ናት» ትባላለች። እውነትም ዕድለኛ ናት። ግን መብት በዕድል የሚገኝ ከሆነ ምኑን መብት ሆነ? ችግሩ የያዘው ሰው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ደግም ይሁን ክፉ፣ ሳያንኳኳ መግባት መቻሉ ነው።

ይህን ብልም መጽሐፉን አንብቡት እላለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ፋየር በዚያው ችሎታዋ የቆሰሉ ወታደሮችን ሕመም ታስታግሳለች፤ ያ ክፍል ልብ ይነካል። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ ለመማርም ይጠቅማል። ስትጨርሱ ግን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስኩት ምኞት ተመለሱና ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምንፈልገው የማዳምን አእምሮ ማዘዝ ነው ወይስ የራሳችን በር ቁልፍ በእጃችን እንዲሆን? እኔ ቁልፉን እመርጣለሁ።